ከቀበሌ የሚታደለው አጎበር፣ ከነአገልግሎቱ ሲመዘን

አጎበር ገንዘብ ስለማይከፈልበት እንደ ዕቃ የሚመዝነው ሰው ጥቂት ነው። ሰልፍ ተይዞ፣ ስም ተጠርቶ፣ ተፈርሞ ይወሰዳል፤ ከዚያ ወይ ይሰቀላል ወይ ከነላስቲኩ ሣጥን ይገባል። ግን ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ አብሮት የሚመጣው ምዝገባ፣ እደላ፣ ሰቀላና ክትትልም የዕቃው ግማሽ ነው። እዚህ የምንመዝነው በኢትዮጵያ ቆላና ወይና ደጋ ቀበሌዎች የሚታደለውን፣ የወባ ትንኝን ለመከላከል ከፋብሪካ በኬሚካል ተነክሮ የሚመጣውን አጎበርና ነዋሪው በዙሪያው የሚሠራውን ሥራ ነው። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፤ ዕቃው ጥሩ ነው፣ እደላው መካከለኛ ነው፣ ከእደላው በኋላ ያለው ክትትል ደካማ ነው፤ ትንኝ የምትራባበትን ውሃ የማፋሰሱ ዘመቻ ደግሞ በብዙ ቀበሌ ከሚጻፍለት ሪፖርት ያነሰ ይሠራል።

ለምን እንደሚያስፈልግ ብዙ ማስረዳት አያሻም። እ.ኤ.አ. በ1958 የወባ ወረርሽኝ ወደ ደጋው በወጣ ጊዜ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ከዓመታት መሻሻል በኋላም እ.ኤ.አ. በ2024፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ፣ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል።

መጀመሪያ ዕቃውን እንይ። ሁሉም መረብ ስለሚመስል ዓይን አይለየውም፤ ላስቲኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው። የቆየው ዓይነት ፓይሬትሮይድ ከሚባለው ቤተሰብ አንድ መድኃኒት ብቻ የያዘ ነው። ፐርማኔት 2.0 በካሬ ሜትር 55 ሚሊግራም ዴልታሜትሪን አለው፤ ኦሊሴት ደግሞ ክሩ ውስጥ 2 በመቶ ፐርሜትሪን። ችግሩ የአገራችን ዋና ወባ አስተላላፊ፣ አኖፊለስ አራቢየንሲስ፣ ፓይሬትሮይድን በብዙ ቦታ ተላምዳለች። አጎበሩ ካልተቀደደ እንደ መከለያ ይሠራል፤ ገዳይነቱ ግን ቀንሷል። ሁለተኛው ዓይነት ፒቢኦ የተጨመረበት ነው። ፒቢኦ ራሱ ትንኝ አይገድልም፤ ትንኟ መድኃኒቱን የምታከሽፍበትን ኢንዛይም ይይዝባታል። ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ከእጥበትና ከጊዜ ጋር ቶሎ ይሳሳል።

ምርጫ ካለ ሦስተኛውን ውሰዱ። ኢንተርሴፕተር ጂ2 በካሬ ሜትር 100 ሚሊግራም አልፋ ሳይፐርሜትሪንና 200 ሚሊግራም ክሎርፌናፒር ይዟል። በታንዛኒያና በቤኒን በየፊናቸው በተደረጉ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች፣ ፓይሬትሮይድ ብቻ ካለው አጎበር ጋር ሲነጻጸር የልጆችን የወባ ሕመም በሁለት ዓመት ውስጥ በ44 እና በ46 በመቶ ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ትንኞች ፓይሬትሮይድን በተላመዱበት አካባቢ ይህ ዓይነት እንዲቀድም መክሯል። አንድ ነገር ግን ለነዋሪው ካልተነገረ ዕቃው ስሙ ይጠፋል። ክሎርፌናፒር ቀስ ብሎ ነው የሚገድል። ትንኟ አጎበሩን ነክታ፣ እንደ ደህና በርራ ሄዳ፣ እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሌላ ቦታ ትሞታለች። ጠዋት ፍራሹ ላይ የወደቀ ትንኝ መቁጠር የለመደ ሰው «ይሄኛው አይሠራም» ብሎ ያወርደዋል። የትኋን ነገርም እንደዚሁ ነው። ድሮ አዲስ አጎበር ሲሰቀል ትኋን ያልቅ ስለነበር ብዙ ቤት መድኃኒቱ «ማለቁን» የሚለካው በትኋን ነው። ዛሬ ትኋኑም ፓይሬትሮይድን ለምዷል፤ ትኋን ተመለሰ ማለት አጎበሩ ለወባ ትንኝ አይሠራም ማለት አይደለም።

ስለ ክሩ ባጭሩ፤ ፖሊስተሩ ለስላሳ ነው፣ ሰው ይወደዋል፣ ግን ቶሎ ይቀደዳል። ፖሊኢትሊኑ ሸካራና ግትር ነው፣ ይቆያል። እንጨቱ ባልተላገ ቆጥና አልጋ ላይ ለሚተኛ ቤተሰብ ሁለተኛው ይሻላል።

አሰቃቀሉ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጥሩ ዕቃ የሚበላሸው እዚህ ነው። አዲስ አጎበር ከላስቲኩ ወጥቶ ለ24 ሰዓት ጥላ ቦታ መናፈስ አለበት። ይህ ሲዘለል ፊት ያቃጥላል፣ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያስለቅሳል፤ በመጀመሪያው ሌሊት የተማረረ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይሞክረውም። ፀሐይ ላይ ማስጣት አይሆንም፣ ፀሐይ መድኃኒቱን ትሰብረዋለች።

አራት ማዕዘን አጎበር ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ 150 ሳንቲሜትር ነው። ከዚህ ላይ 25 ሳንቲሜትሩ ከፍራሽ ወይም ከሰሌን ሥር ተወትፎ መያዝ ስላለበት፣ ጣሪያው ከመኝታው 125 ሳንቲሜትር ላይ ይውላል። መኝታው ከመሬት 50 ሳንቲሜትር ከፍ ካለ ሲባጎው ከወለሉ 175 ሳንቲሜትር ላይ ይታሰር። ከዚያ ከፍ ከተደረገ ጠርዙ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ትንኝ ደግሞ በር አንኳኩታ አትገባም። ለአራቱ ማዕዘን አራት ሚስማር የማይገኝበት ጎጆ ቤት ውስጥ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሁለት ትይዩ ሲባጎ ወጥሮ ማዕዘኖቹን በእነሱ ላይ ማሰር ይበቃል። ክቡ አጎበር አንድ ማንጠልጠያ ስለሚበቃው ለጎጆ ይቀላል፤ ጉዳቱ ወደ ታች ሲወርድ ጎኑ ሰውነት ላይ መለጠፉ ነው። የተለጠፈ ክንድ በመረቡ ቀዳዳ በኩል ይነከሳል። ሦስት ልጅ መደብ ላይ ጎን ለጎን ለሚተኛበት ቤት ክቡን አንመክርም።

ቀን ቀን ወደ ላይ ተጠቅልሎ ይታሰር። ልጅ አይጎትተውም፣ የምድጃ ጭስና ጥላሸት አይጠጣም። ጥላሸት የጠጣ አጎበር ይታጠባል፣ ቶሎ ቶሎ የታጠበ አጎበር ደግሞ መድኃኒቱን ያጣል። ዕቃው የተሠራው 20 እጥበት እንዲችል ነው፤ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ማጠብ ትርፍ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ፣ የገላ ወይም ተራ የልብስ ሳሙና፣ ሳይዘፈዘፍ ቀስ ብሎ ማሸት፣ ጥላ ላይ ማስጣት። ኦሞ አይገባበትም፣ በረኪና ጨርሶ አይነካውም። እጣቢው ወንዝና ኩሬ ውስጥ አይደፋ፤ ለሰው ብዙም የማያሰጋው ፓይሬትሮይድ ለዓሣና ለንብ መርዝ ነው።

ላስቲኩ ላይ «3 ዓመት» ይላል። ኢትዮጵያ ውስጥ በተደረጉ ክትትሎች በብዙ ቤት ከሁለት ዓመት ቀድሞ ያረጃል። የሚጨርሰው የመድኃኒቱ ማለቅ ሳይሆን ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳውም አብዛኛው ታችኛው ጠርዝ አካባቢ፣ ከአልጋው እንጨት ጋር በሚፋተግበት ነው። ቀሪው የአይጥና የኩራዝ ሥራ ነው። እህል የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ መተኛት ካልቀረ ጆንያውን ከአልጋው ራቅ ማድረግ አጎበር ያቆያል። መጣል ያለበትን ከሚሰፋው ለመለየት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቆጠራ ለጎጥ ሰውም አይከብድም። አውራ ጣት የማታሳልፍ፣ ከ2 ሳንቲሜትር ያነሰች ቀዳዳ 1 ነጥብ፤ እስከ 10 ሳንቲሜትር፣ ማለት ቡጢ የማታሳልፈዋ 23፤ እስከ 25 ሳንቲሜትር የምትደርሰው 196፤ ከዚያ በላይ፣ ጭንቅላት የሚያሳልፈው 576 ነጥብ። ድምሩ ከ64 ካልበለጠ አጎበሩ ደህና ነው፤ ከ642 ካለፈ አብቅቶለታል። ስለዚህ ጭንቅላት የሚያሳልፍ አንድ ቀዳዳና ባለ 23 ነጥብ ሦስት ቀዳዳዎች ካሉ 645 ነውና ይቀየር። በመካከል ያለው በመርፌ ይሰፋል፤ መርፌ ከጠፋ የቀዳዳውን ጠርዝ ሰብስቦ በክር መቋጠር ይበቃል። የሚገርመው፣ ልብስ ሲቀደድ በማግስቱ የሚሰፋ ቤት አጎበር አይሰፋም፤ «ሌላ ይመጣል» ይባላል።

አሁን ወደ አገልግሎቱ። የብዛቱ ቀመር አንድ አጎበር ለሁለት ሰው ነው፤ ሲታዘዝ ግን የሕዝቡ ቁጥር ለ1.8 ይካፈላል፣ ምክንያቱም አምስትና ሰባት ሰው ያለው ቤት በሁለት እኩል አይከፈልም። 4,500 ሰው ላለው ቀበሌ 2,500 አጎበር ማለት ነው። ምዝገባው በቆየ መዝገብ ከተሠራ በእደላው ቀን ጠብ ይነሳል። በጎጥ ደረጃ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እየሰማ ሲመዘገብ የሌለ ልጅ ማስመዝገብም የተረሳች አሮጊትም ይቀንሳሉ። እዚህ ላይ የነዋሪው ተሳትፎ ዋጋው ግልጽ ነው፤ ከቢሮ የሚወጣ የትኛውም ዝርዝር ይህን አይተካም።

ጊዜው ላይ ግን ነጥብ እንቀንሳለን። ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። አጎበር ቢዘገይ ቢዘገይ ሰኔ ላይ ቀበሌ መድረስ አለበት፤ ሐምሌ ከገባ የቆላው መንገድ ጭቃ ይይዛል። ኅዳር ላይ የሚታደል አጎበር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ያኔ ደግሞ ነዋሪው አጨዳ ላይ ነው፤ ለስብሰባም ለሰቀላም ጊዜ የለውም።

ከእደላው በኋላ ያለው ሒሳብ ይበልጥ አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አንድ ጤና ኬላ ሁለት ሠራተኞች አሉት፤ የሚያገለግሉት እስከ 5,000 ሰው፣ ወደ 1,000 አባወራ ነው። አንድ ቤት ገብቶ አሰቃቀሉን አይቶ፣ አስተካክሎ ለመውጣት 15 ደቂቃ ቢወስድ 250 ሰዓት ያስፈልጋል፤ ለሁለት ሰው፣ በቀን 6 ሰዓት ቢሠሩ፣ ወደ 21 ቀን። ክትባት፣ ቅድመ ወሊድ፣ የተመጣጠነ ምግብ፣ ሌላም ሌላም ያለባቸው ሠራተኞች ይህን በዓመት አንዴም አይችሉትም። 30 አባወራ ያላት የልማት ቡድን መሪ ግን በሰባት ሰዓት ተኩል ሥራ፣ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ወጥታ ትጨርሰዋለች። አሠራሩ በወረቀት ላይ አለ፤ የሚጎድለው ለእሷ የሚሰጣት ነገር ነው። ያለ አበል፣ ያለ ሥልጠና፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የምትጠራ ሴት «ሁሉም ሰቅሏል» ብላ መሙላቷ አይፈረድባትም። ግማሽ ቀን ሰቀላ የተለማመደች፣ ሲባጎና ጥቂት ሚስማር የተሰጣት መሪ ልዩነት ታመጣለች። የዕቃው በጀት ውስጥ ሲባጎ አለመኖሩ ከሁሉም በላይ የሚያናድደን ነው።

ተራ እናት ሠልጥና ምን እንደምትሠራ ጥርጣሬ ያለው ትግራይን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2000 ውጤቱ የታተመ ሙከራ እናቶች የልጆችን ትኩሳት ለይተው ቤት ውስጥ ክሎሮኪን እንዲሰጡ በጎረቤት አስተባባሪ እናቶች በኩል አሠለጠነ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለው ሞት በ40 በመቶ ቀነሰ። ዛሬ መድኃኒቱ ተቀይሯል፣ ምርመራም ጤና ኬላ ድረስ ወርዷል፤ ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ኬላ መሄድን የምታስታውሰው ጎረቤት ግን አሁንም ያችው ናት።

ዕቃው የማይሠራባቸው ቦታዎችም ይታወቁ። አኖፊለስ አራቢየንሲስ ከሰውም ከከብትም ትመገባለች፣ ከቤት ውጭም ትነክሳለች። በስምጥ ሸለቆ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ፣ ሰው ገና እራት ሳይበላ ንክሻዋ ይበረታል። ለዚያ ሰዓት አጎበር መፍትሔ አይደለም። ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛም በአባወራ ምዝገባ ውስጥ የለም፤ ከደጋ የመጣ፣ ወባን የማይችል ሰውነት ይዞ ሜዳ ላይ ይተኛል። ለእሱ የሚበጀው ከዛፍ ቅርንጫፍ ወይም ከሦስት እንጨት መገናኛ ላይ የሚንጠለጠለው ክቡ አጎበር ነው፤ ከላይ የነቀፍነው እዚህ ያሸንፋል።

ወደ ዘመቻው እንምጣ። ቅዳሜ ጠዋት ነዋሪው አካፋና ዶማ ይዞ ይወጣል፤ ሣር ይታጨዳል፣ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ የሽንት ቤት ቦይ ይጠረጋል። ለጽዳት መልካም ነው፤ ለወባ ግን ከዚህ አብዛኛው አይሠራም። የወባ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጥልቀት የሌለው፣ በአንጻሩ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነው፤ የከብት ኮቴ፣ ለቤት ምርጊት ጭቃ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ የጡብ ማምረቻ ገንዳ፣ የመስኖ ቦይ ፍሳሽ፣ ወንዙ ሲጎድል የሚቀር ኩሬ። መለየቱ ቀላል ነው። በነጭ ጭልፋ ውሃ ጨልፎ መመልከት። የወባ ትንኝ እጭ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ጋደም ይላል፤ የሌላው እጭ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። የተዘቀዘቀው ብቻ ከተገኘ ያ ኩሬ ይረብሻል እንጂ ወባ አያመጣም፤ ጉልበቱ ሌላ ቦታ ይዋል።

ዘመቻው የሚሠራው የመራቢያው ቦታ ጥቂት፣ የማይለዋወጥና በቀላሉ የሚገኝ ሲሆን ነው። መስከረም መግቢያ ላይ በየኮቴው ውሃ ያቆረበት ሜዳ ደፍኖ አይዘለቅም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ውሃው ወደ ጥቂት ኩሬዎች ሲሰበሰብ፣ 20 ሰው እንኳ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ድግግሞሹም ወሳኝ ነው። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ማውጣት በሞቃት ውሃ ከሳምንት ብዙም አይዘልም፤ ስለዚህ በወር አንዴ የሚወጣ ዘመቻ ሦስት ትውልድ አስበርሮ ነው የሚመጣው። በሰባት ቀን አንዴ አምስት ሰው ቢወጣ በወር አንዴ መቶ ሰው ከሚወጣ ይሻላል። ቅድሚያ የሚሰጠው ደግሞ በበቆሎ ማሳ አጠገብ ላለው ውሃ ነው። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት የበቆሎ ጽጌ ብናኝ ኩሬ ላይ ሲወድቅ ለእጩ ምግብ ይሆነዋል፤ ቶሎ ያድጋል፣ ጠንካራ ሆኖም ይወጣል። በቆሎን ከቤት ጥግ ከመዝራት ራቅ አድርጎ መዝራት ምንም ወጪ የለውም። የልማት ሥራም የራሱን ዕዳ ይዞ ይመጣል። በትግራይ ከትናንሽ ግድቦች አጠገብ በሚኖሩ ልጆች የወባ መጠን ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ግድብ ያለው ቀበሌ የግድቡን ሥርጸትና የቦዩን ፍሳሽ የሚከታተል ሰው በስም መመደብ አለበት።

ከተማ ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ሮቶ፣ በርሜልና የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ በበጋ ለተነሣው ወረርሽኝም ምክንያት ሆና ተገኝታለች። እዚህ አካፋ አያስፈልግም፣ ክዳን ነው የሚያስፈልገው። የሮቶው ክዳን ተሰብሮ ከሆነ ያረጀ አጎበር በሁለት ድርብ ወጥሮ በጎማ ማሰር ይቻላል፤ መድኃኒቱ ወደሚጠጣ ውሃ እንዳይገባ ግን አስቀድሞ በደንብ ይታጠብ፣ ውሃውንም አይንካ። በርሜል በሳምንት አንዴ ተደፍቶ ግድግዳው በብሩሽ ይፈተግ። መድፋት ካልተቻለ የጤና ባለሙያው «አቤት» የሚባለውን እጭ ገዳይ ኬሚካል ይጨምራል፤ 1 በመቶ የሆነው ደቃቅ ጠጠር ለ200 ሊትር በርሜል 20 ግራም ነው። በግምት በእፍኝ የሚጨምር ካለ አስቁሙት።

የቤት ውስጥ ርጭት ላይ አንድ ነገር ብቻ። ረጪው ከግድግዳው 45 ሳንቲሜትር ርቆ እኩል እየሄደ ከሆነ ሥራውን ያውቃል፤ ቤተሰቡ ሁለት ሰዓት ውጭ ይቆያል፣ ወለሉ ተጠርጎ ይገባል። የሚያበላሸው ነዋሪው ነው። ነሐሴ ላይ የተረጨ ግድግዳ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ሲለቀለቅ መድኃኒቱ ከጭቃው ሥር ይቀበራል። ስለዚህ ቀበሌው የርጭቱን ቀን ቀደም ብሎ ያውጅ፣ ልቅለቃውም ከርጭቱ በፊት ይለቅ።

ያረጀውን በተመለከተ፣ አዲስ ሳይሰቀል አሮጌው አይወርድ። የወረደው ለዓሣ ማጥመጃ አይሁን፤ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ጫጩቱን ዓሣ ሁሉ ይጠርጋል። ለችግኝ መከለያ፣ ለጭድ ማሰሪያ ገመድ ይሆናል፤ ጤፍ መንፊያና እህል መያዣ ግን አይሆንም። የገባበት ላስቲክም መድኃኒት ነክቶታልና ዳቦና በሶ አይያዝበት፤ እደላው ቦታ ላይ እየተከፈተ ቢሰበሰብ፣ አጎበር ተሽጦ ገበያ መውጣቱንም ይቀንሳል።